ዲ አይነካም

ሰቆጣ ውስጥ ኮምፒውተር ከተበላሸ እንግዳው የሚባል ጠጋኝ እጅ ሳይገባ አይቀርም። የጋዝጊብላ ሰው ነው፤ ሠላሳውን አልፏል፤ አላገባም። አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ፍላሾች አንጠልጥሏል፤ ሲራመድ እርስ በርስ ይንኳኳሉ። አንዳንድ አሮጊቶች ክታብ ይመስላቸዋል። እሱም አያርማቸውም። «ክታብ ነው እንጂ፣ የስንቱን ቢሮ ጋኔን አስወጥቼበታለሁ» ይላቸዋል።

ሰው የሚያውቀው ግን በአንድ ቃሉ ነው። ኮምፒውተር እንደ ጓዳና ሳሎን ለሁለት ይከፈላል ይለን ነበር፤ አንዱ ሲ ይባላል፣ አንዱ ዲ። ሲ ላይ ማሽኑን የሚያስነሣው ዊንዶውስ ይቀመጣል፣ ዲ ላይ የሰው ሥራ። ማሽኑ ሲታመም እንግዳው ሲን ደምስሶ አዲስ ዊንዶውስ ይጭንበታል። ፎርማት ማድረግ የምንለው ይህን ነው። «ሲ ይሞታል፣ ይነሣል። ዲ አይነካም።» ከጎንደርና ከደብረ ታቦር ተመድበው የሚመጡ ሠራተኞች የሚከራዩት ቤት ሳያገኙ ይህን ቃል ይማራሉ። መምህሩ ፈተናውን፣ ነርሷ ሪፖርቷን፣ የእድሩ ጸሐፊ የአባላቱን ስም ዲ ላይ አድርጎ በሰላም ያድራል። ስንት ጊዜ ፎርማት ተደረገ፣ ዲ አንድ ቀን ሳይነካ።

እኔ የሻሽወርቅ እባላለሁ። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው የተውሁት፤ ዳሩኝ፣ አለቀ። ባልም አለፈ፣ ጦርነትም አለፈ፣ እኔ ቀረሁ። ከመናኸሪያው በታች ባለች አንዲት ክፍል ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጎተራ ውስጥ ማሽላ ሥር ቀብሬው ነው የተረፈው፤ ዛሬም ሲግል ማሽላ ማሽላ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬያለሁ። አጠገቡ ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ይንጠለጠላል። ኮት የሌለው ደንበኛ እሱን ለብሶ ይነሣል። ከገጠር የሚመጣው ልጅ ኮት የለውም። ስለዚህ በእኔ በኩል ወጥቶ የሄደ ሁሉ፣ ሳውዲም ይሁን አዲስ አበባ፣ ፎቶው ላይ ያለው በዚያ ኮት ነው።

አምና ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ጉንጯ ተቧጭሯል። ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝና ተነሣሁ።

«ፎቶ የምታነሺ አንቺ ነሽ?» አለኝ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ። ግቡ፣ ቁጭ በሉ።»

ሴትዮዋ ወንበሩን ትታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ቆሞ ነገረኝ። እሱ ደግሰው ይባላል፤ እሷ እስከዳር፣ የሟች ወንድሙ ሚስት። ከፃግብጂ ነው የመጡት። ልጇ ትእዛዙ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ባሕር ላይ ቀረ። አብሮት የሄደው ጓደኛው ተርፎ ደወለ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረዷት።

«አስከሬን የለም» አለ ደግሰው። «ለቅሶው ቅዳሜ ነው። ፎቶ የለንም። ስልኩም መታወቂያውም አብረውት ሄዱ። ያ ጓደኛው ግን ሰቆጣ ከመናኸሪያው በታች አንዲት ሴት ዘንድ ተነሥተን ነበር አለን።»

በእኛ አገር አስከሬን የሌለው ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ አውቃለሁ። አልጋ ይወጣል፤ አልጋው ላይ የሟች ልብስ ይዘረጋል፤ ልብሱ ላይ ፎቶው ይቀመጣል። አልቃሿ ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ነው ሙሾ የምታወርደው፤ ሰው የሚዞረው እሱን ነው። ፎቶ ከሌለ ሰው ወዴት ዞሮ ያለቅሳል።

እስከዳር ያን ጊዜ ነው አንድ ቃል የተናገረች። «ንፋስ ላስለቅስ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«አይደለም እናቴ፣ ፎቶው አለ» አልኋት። «ያነሣሁት ሁሉ ዲ ላይ አለ። አይጠፋም።»

ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ነው ይህን ያልሁት። ስከፍተው ጥቁር ሆኖ አንድ መስመር ነጭ ፊደል ጻፈና ቆመ። አጥፍቼ ከፈትሁት። ያው ነው። ሰሞኑን ሲያቃስት ከርሟል፤ የሚሞትበት ቀን ግን ያ ቀን ሆነ።

«አሁን ይመጣል?» አለችኝ። ስክሪኑን አይታ የምትፈራበት ምክንያት የላትም፤ ኮምፒውተር ሁሉ ሲነሣ እንዲህ ይመስላታል።

«ይመጣል። አንድ ሰው ልጥራ።»

እንግዳው እንደ ልማዱ ከውጭ እየጮኸ ደረሰ። «እት የሻሽ፣ ዛሬስ አሮጊቷ ምን ሆንሁ አለች?» ማሽኔን አሮጊቷ ይላታል። በሩ ላይ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያይ ድምፁን ዋጠ። ጎንበስ ብሎ እስከዳርን በኽምጣንጋ አናገራት። እኔ ቋንቋውን ግማሽ በግማሽ ነው የምሰማው፤ ልጁን መጠየቁን፣ እሷም በረጅሙ መመለሷን ግን ሰማሁ። ለእኔ ከነገረችኝ የበለጠ ለእሱ ነገረችው። ሲነሣ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ፎቶው የት ነው ያለው?» አለኝ በአማርኛ።

«ዲ ላይ።»

«እንግዲያ ምንም አይደል።» ወደ እሷም ዞሮ ያንኑ ነገራት፤ መጨረሻው «ዲ» የሚል ነበር።

መብራት በፈረቃ ነው የሚሰጠን። የእኛ መስመር ብዙ ጊዜ ቀትር ሳይሆን ይሄዳል፤ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪም የለኝም። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ የሚያነብበት ገመድ ነበረው፤ አንድ ጓደኛው ይዞት ደሴ ወርዷል። ስለዚህ እንደ ለመደው ሊሠራ ተነሣ፤ ፎርማት አድርጎ፣ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ከዚያ ዲን ከፍቶ ፎቶውን ማውጣት።

ከአንገቱ የመጀመሪያውን ፍላሽ ፈትቶ ሰካ። አሥር የሚባለው ዊንዶውስ ነው፤ የከተማውን ማሽን ሁሉ ያስነሣበት። ሰማያዊ ገጽ መጣ። እንግዳው አያነብም፤ እጁ ያውቀዋል። ቀጥል፣ ቀጥል፣ እሺ። ሲ የሚለውን መርጦ ደመሰሰው። መጫን ጀመረ። ቁጥሩ ወደ ላይ እየቆጠረ ሄዶ ቆመ። ጠበቅን። አንድ ነገር ጽፎ ተመለሰ። ደግሞ ሞከረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ፍላሹ ነው» አለ። «አርጅቷል። ደግ አገልግሏል።»

«አሁን ሲ የለም ማለት ነው?» አልሁት።

«የለም።»

«ዲስ?»

«እት የሻሽ፣ ዲ አይነካም።»

ሁለተኛውን ፈታ። አዲሱ ዊንዶውስ ነው፤ ያው ሰማያዊ ገጽ፣ ያው ቀጥል ቀጥል። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ አጭር ነገር ጽፎ ወደፊት አልሄድም አለ።

«ምን ይላል?» አለ ደግሰው። አሁን እሱም ወንበር ስቦ ከኋላችን ተቀምጧል።

«ይህ ማሽን አርጅቷል፣ አልገባም ነው የሚል።»

«በዕድሜ ይመርጣል?»

«አዎ አያ ደግሰው፣ በዕድሜ ነው።»

«እንግዲያ እኛንም አይቀበለን» አለ ሽማግሌው። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ አላለውም።

እንግዳው ግንባሩን ጠረገ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሳየው አየኝ። ሦስተኛውን ፍላሽ ፈታ። ይህ አረንጓዴ ነው፤ ግብርና ቢሮ ተመድቦ የመጣ መልሰው የሚባል የጎንደር ልጅ ነው የሰጠው። ሊኑክስ ይባላል አለኝ። ከዊንዶውስ ሌላ ነው። ነጻ ነው፣ የሚገዛ ቁልፍ አይጠይቅም፣ አሮጌ ማሽን አይንቅም። ትምህርት ቤት ለመጡ ባዶ ማሽኖች ጭኖባቸዋል። «ከዊንዶውስ ይቀላል» አለ። «ሕፃን ይጭነዋል።»

እውነትም ቀላል ይመስል ነበር። ፈጥኖ ተነሣ። መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ ላናግርህ አለ፤ ስሞቹ መካከል አማርኛ አለበት። ደግሰው ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ «አማርኛ» ብሎ አነበበ፤ ደስ አለው። «በኛው ይናገራል ማለት ነው?» እንግዳውም አማርኛን ነካ። ቀጥሎ ሁለት ነገር ቀረበ፤ አንዱ ሳትጭን ሞክረው የሚል፣ ሌላው ጫነው የሚል። እንግዳው ጫነው የሚለውን ነካ። ለእኛ ሁልጊዜም እንዲያ ነው፤ መጀመሪያ ተጭኖ፣ ከዚያ ዲ ይታያል። የሚሞከር ነገር አይተን አናውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ግማሹ አማርኛ ነው፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። አማርኛውም የማን አማርኛ እንደሆነ እንጃ። ማመልከቻ ጽፌ የምኖር ሴት ነኝ፤ ብዙው አልገባኝም። እንግዳው ደግሞ አያነብም። የዊንዶውሱ «ቀጥል» ታች በስተቀኝ ነው፤ የዚህም ታች በስተቀኝ ነው። እጁ ወደዚያ ሄደ። ቀጥል። ቀጥል። ሰዓትና አገር ጠየቀ። ቀጥል። አንድ ገጽ ላይ ማሽኑ ውስጥ ምንም የሚነሣ ነገር አላገኘሁም የሚል መሰለኝ። ሲ ተደምስሷልና እውነቱን ነው። ከሥሩ ምርጫዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ላይ አስቀድሞ ነጥብ ተደርጎበታል። እንግዳው ነጥቡን እንዳለ ትቶ ቀጠለ። አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች።

የዚያች መስኮት ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ብዙ አያስኬደኝም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሳየው የኖርሁትን ፊደል በዓይኔ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

«እንግዳው» አልሁት። «ዲ የት አለ?»

«እ?»

«ሲም የለም፣ ዲም የለም እዚህ ላይ። ዲ የት አለ?»

ያን ጊዜ ነው ያነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከላይ ጀምሮ ቃል በቃል ወረደ። እጁ ማውዙ ላይ ነው፤ ቀስቱ ታች በስተቀኝ ባለው ቁልፍ ላይ ቆሟል።

«ዲስኩን በሙሉ...» አለ።

መብራት ሄደ።

ጨለማ አልነበረም፤ ቀን ነው። ስክሪኑ ብቻ ጠፋ፤ የማሽኑ ማራገቢያ ድምፅ ዝቅ እያለ ቆመ። ውጭ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ኮረም እያለ ይጣራል። እንግዳው እጁን ከማውዙ አላነሣም።

«ምንድን ነው ያለው?» አልሁት።

«ይኼ ሲና ዲ አያውቅም። ለሱ አንድ ዲስክ ነው ያለው። በሙሉ ደምስሼ ልቀመጥ ወይ ነው የሚለኝ። የትምህርት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ...»

«ነካኸው?»

ጣቱን ከማውዙ አንሥቶ አየው።

«እንግዳው፣ ያቺን የመጨረሻዋን ነካኻት?»

«አላውቅም» አለ። «አንቺ ስትጠሪኝ ጣቴ እሷ ላይ ነበር። እጄ ለምዷል። ነክቼም ይሆናል። አላውቅም።»

እስከዳር ከደፉ ላይ በኽምጣንጋ አንድ ነገር ጠየቀችው። ውሸት ሊላት ይችል ነበር፤ መብራት ሲመጣ ይደርሳል ቢላት ታምነዋለች። አልዋሻትም። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ነገራት። ረጅም አልነበረም። ስትሰማው ዓይኗ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ሲፒዩ ወደምንለው፣ ጠረጴዛዬ ሥር ወዳለው። ከዚያ በኋላ ዓይኗን አላነሣችም።

ደግሰው ግን ተቆጣ። «ይመጣል አላልሽም? አይነካም፣ አይነካም ስትሉን አረፈዳችሁ።»

«ብለናል አያ» አለ እንግዳው።

«ስንቱን ብለሃል እንዲህ እያልህ?»

«ለሁሉም።»

ሽማግሌው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ።

መብራቱ ማታ ነው የሚመለስ፤ አንዳንዴም አይመለስም። እነሱ ደግሞ ማታን መጠበቅ አይችሉም፤ ዳስ የሚጥሉት እነሱ ናቸው፣ ዘመድ የሚያስጠሩትም እነሱ፣ ፃግብጂም ቅርብ አይደለም። ለማወቅ ያለን አንድ መንገድ ማሽኑን ጄኔሬተር ያለበት ቦታ መውሰድ ነው። ከገበያው ጀርባ ቢያዝን የሚባል ሰው በጄኔሬተር የሚያስኬደው ወፍጮ አለ።

እንግዳው ገመዱን ነቅሎ ሳጥኑን ሊያነሣ ሲል እስከዳር ተነሥታ ያዘችው።

«እናቴ፣ ይከብዳል። እኔ ልያዘው።»

እምቢ አለች። በአማርኛ ነው ያለችው፤ እንድንሰማት። «አንተ ያንን ያዝ» ብላ በአገጯ ስክሪኑን አሳየችው። «ይህን እኔ እሸከማለሁ። አለበትም አሉ፣ የለበትም አሉ። እኔ እሸከማለሁ።»

ለመንገድ የያዘችውን ጋቢ ዘርግታ ሳጥኑን ጠቀለለችው፤ አዘለችው። ደግሰው ከኋላ ደገፍ አደረገላት። እኔ ኪቦርዱንና ማውዙን ይዤ በሩን ቆለፍሁ። በገበያው ውስጥ ስናልፍ ሰው ነጠላዋን እያየ መንገድ ለቀቀ። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ሕፃን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ስልቻቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ቢያዝን ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ ሆኗል። ስክሪኑን አይቶ ከሞተሩ ጫጫታ በላይ ጮኸ፤ «እኔ እህል ነው የምፈጭ፣ ምን አምጥታችሁ ነው?»

እንግዳው ጠጋ ብሎ በጆሮው ነገረው። ቢያዝን እስከዳርን አያት። «ወፍጮው ሲዞር መብራቱ ይዘላል» አለ። «ማሽናችሁን ያቃጥለዋል። ወፍጮውን ማቆም አለብኝ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ላቁም ነው።»

«እኛስ ከማለዳ ጀምሮ?» አለች አንዷ።

«ለቅሶ ነው» አላት።

«እንዲያ በልና» አለች፤ ስልቻዋ ላይ ተቀመጠች።

ወፍጮው ሲቆም ጆሯችን ጭው አለ። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። ማሽኑን የዱቄት ሚዛኑ ላይ አስቀመጥነው። እንግዳው አረንጓዴውን ፍላሽ ሰካ፣ ከፈተው። ያ የቋንቋ ገጽ መጣ። ደግሰው «እንግሊዝኛውን፣ ያን የምታውቀውን» አለ ከኋላ። እንግዳው እንግሊዝኛውን መረጠ። ሁለቱ ነገሮች መጡ፤ ሞክረው፣ ጫነው። አሁን እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ለእስከዳርም በኽምጣንጋ እየነገራት፣ ሳትጭን ሞክረው የሚለውን ነካ።

ዘገየ። ከዚያ አንድ ባለ ቀለም ገጽ ተከፈተ፤ ማሽኑ ውስጥ ምንም ሳይጭን፣ ከፍላሹ ላይ ብቻ። የፋይሉን መስኮት ከፈተ። በግራ በኩል ሲ የሚል የለም። ዲ የሚል የለም። አንድ ስም የሌለው ነገር አለ፤ የተጻፈበት መጠኑ ብቻ ነው።

«ይህ ነው?» አልሁት።

«ወይ ይህ ዲ ነው፣ ወይ ባዶ ነው።»

ማውዙን ለቀቀ። «አንቺ ክፈችው እት የሻሽ። እኔ ዛሬ እጄን አላምነውም።»

ነካሁት። መስኮቱ ነጭ ሆነ። ትንሽ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አንዲት ሴት ስልቻዋ ላይ ሆና «እመብርሃን» አለች በለሆሳስ። እስከዳር ሳጥኑ ላይ አንድ እጇን አሳርፋለች፤ የሚተነፍስ ነገር ይመስል።

ማመልከቻ የሚለው ፎልደሬ መጣ። ከዚያ እድር። ከዚያ ጉርድ።

«አልነካሁትም» አለ እንግዳው። ደግሞ «አልነካሁትም» አለ፤ ወጥቶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ጉርድን ከፈትሁት። ግን ሥራው አላለቀም። ፎቶዎቹ ስም የላቸውም፤ ማሽኑ የሰጣቸው ቁጥር ነው ያላቸው። ስክሪኑ በልጆች ፊት ሞላ፤ ሲወርዱ አያልቁም። ሁሉም ነጭ አንሶላ ፊት ለፊት፣ ሁሉም በአንድ ጥቁር ኮት። አንዳንዱን እጅጌው ውጦታል፤ አንዳንዱ ከትከሻው ጠቦበታል።

«ሁሉም አንድ ልብስ ነው የለበሱ» አለች እስከዳር። «የቱ ነው የኔ?»

«እኔ አላውቀውም እናቴ። እርስዎ ይዩልኝ። ቀስ ብዬ አወርዳለሁ።»

ሴቶቹም ተነሥተው ከበቡን። ቀስ እያልሁ አወረድሁ። የአንዷ ፊት ድንገት ተለወጠ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ልጅ አየች። «የኔም አለ» አለች። «ሪያድ ነው። ደህና ነው።» ፈጥና ከስክሪኑ ራቀች፤ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።

እስከዳር አልቸኮለችም። እያንዳንዱን ፊት አየች። እያየች አለፈች። እኔ እያንዳንዱ ሲያልፍ ምናልባት ካሜራው በልቶት ይሆን፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ተነሥቶ ይሆን እላለሁ። አንድ ቦታ ስደርስ እጇ ተነሣ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፤ በቤት ስሙ ጠራችው። ኮቱ ሰፍቶት ነበር። ሊስቅ ሲል የተያዘ ልጅ ነው።

እንግዳው ፎቶውን ወደ አንድ ፍላሽ ገለበጠ። ከዚያ ያንኑ ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጠ። ከዚያ ቁልፉን ከእኔ ተቀብሎ ሱቄ ሮጦ ፕሪንተሩን ተሸክሞ መጣ። ዊንዶውስ ሳለ ፕሪንተሩን ለማስተዋወቅ የማይፈለግ ሲዲ አልነበረም፤ ይኼኛው ሰካነውና ምንም ሳይጠይቅ አወቀው። ወረቀቱ ሲወጣ ዱቄት አረፈበት። እስከዳር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ዘመድ ሁሉ እንዲደርሰው ሌላም አተምሁላት። እንግዳው አንዱን ፍላሽ ሲሰጣት አገላብጣ አየችው፤ ከማተቧ ጋር አሠረችው። ኮምፒውተር የላትም። መቼም አይኖራትም።

ሊሄዱ ሲሉ ቆመች።

«ያ ኮት አለ?» አለችኝ።

«አለ። የሱቁ ነው።»

«የሱ ልብስ ሁሉ አብሮት ሄደ። የቀረው የልጅነቱ ነው። አልጋው ላይ የምዘረጋለት የለኝም።»

ሱቅ ተመልሰን ከምስማሩ አወረድሁላት። ደግሰው ተቀብሎኝ ክንዱ ላይ አጠፈው። «ሰኞ ገበያ እመልሰዋለሁ» አለ።

«ይቆይ አያ ደግሰው» አልሁት። «አይቸኩልም።»

ቅዳሜ ለቅሶው ላይ እኔም እንግዳውም ነበርን። አልጋው ዳሱ መካከል ወጥቷል። ኮቱ ደረቱን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርግቷል፣ ፎቶው ደረቱ ላይ። ፎቶው ላይ ያለውና አልጋው ላይ ያለው አንድ ኮት ነው። አልቃሿ ይህን አይታ በዚያው ገጠመችለት፤ ስለ ኮቱ፣ ስለ ሰፋው ትከሻ። ሰው በዚያ በኩል ዞሮ አለቀሰ። እንግዳው ከዳር ቆሞ ነበር። እስከዳር ስታየው ጠራችው፤ ከዘመድ ጋር ቁጭ አደረገችው።

ኮቱ አልተመለሰም፤ እኔም አልጠየቅሁ። አሁን ልጆቹ በራሳቸው ልብስ ነው የሚነሡ።

እንግዳው ማሽኔ ላይ ያንን ሊኑክስ ጫነልኝ፤ መጀመሪያ ዲ ላይ የነበረውን ሁሉ ሁለት ቦታ ገልብጦ። ከዊንዶውስ ይቀላል ወይስ ይከብዳል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ። ምንም በሌለበት ማሽን ላይ ሁሉም ይቀላል።

እንግዳው ያን ቃሉን ትቶታል። ሰው ግን አልተወውም። «ዲ አይነካም አይደል?» ይሉታል ማሽናቸውን ሲሰጡት፣ እንደ ሰላምታ። «እስቲ መጀመሪያ ውስጡ ያለህን አሳየኝ» ይላል እሱ። ከዚያ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጥና እያንዳንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነባል፤ ማሽኑ የሚጠይቀውን ለባለቤቱ ይነግረዋል፤ ባለቤቱ እሺ እስኪል እጁን አያነሣም። ድሮ በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ቢሮ ያዳርስ ነበር። አሁን አንዱን ሲጨርስ ይመሻል። ዘገየ ይላሉ። አዎ፣ ዘግይቷል።